ቂጣ ያልቆረሰ እንግዳ

ወንድሜ ሳማል ባለፈው መኸር አረፈ። ለቅሶ የመጡት ያወሩት ስለ ፓርቲው መሪ ነበር። እኔ የማውቀው የመንደራችንን አስተማሪ ነው። መሪነቱም የተጀመረው በመስኖ ውሃ ነው። ሁለት መንደሮች በአካፋ ሊፋጁ ሲሉ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና፣ "ውሃውን የፈለገ በላዬ ያሳልፈው" አለ። እስከ ቀትር እዚያው ተቀምጦ አስታረቃቸው። ከዚያ በኋላ ሚስቱ የኮበለለችበትም፣ መሬቱ የተወሰደበትም እሱ ዘንድ ይመጣ ጀመር። ፓርቲው የአውራጃ ኃላፊ ያደረገው ሕዝቡ ከሾመው በኋላ ነው።

መንግሥትም ስሙን ከሚታደኑት መዝገብ ላይ ጻፈ። በዚያው ዓመት በበረዶ ወር አባታችን ቤት፣ ግድግዳው ሥር ከተደረደረው ፍራሽና ብርድ ልብስ ጀርባ ተደበቀ። ሳል ይዞት ነበር።

"መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት ስትለፈልፍ አንዴ አላሳለህ፤ አሁን ዝም በል ስንልህ ነው የምታስለው?" አለችው እናቴ።

"የሚያጨበጭብልኝ ሳጣ ነው የሚብስብኝ፣ እማዬ።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ። እስከ ጉልበቱ በበረዶ ርሷል። አባቴ ሐጂ ባይዝ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። በእኛ አገር እንግዳ ሦስት ቀን ሳይሞላው ማን ነህ አይባልም። እናቴ አባቴን ወደ ጓዳ ጎተተችው።

"ጠይቀው እንጂ፣ ሐጂ!"

"አልጠይቅም። አባቴም እንግዳ ጠይቆ አያውቅም።"

"አባትህ ልጁን ከፍራሽ ጀርባ አልደበቀማ!"

ቂጣ፣ እርጎና ሻይ አቀረብኩ። ሰውዬው እጁን አልዘረጋም።

"ብላ እንጂ" አለው አባቴ።

"ጠግቤያለሁ።"

ያን ሁሉ በረዶ አቋርጦ የመጣ ሰው! ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ቀየርኩለት። ሁለተኛውም ቀዘቀዘ።  የሰው ቂጣና ጨው የቀመሰ ያንን ቤት አይጎዳም። የማይቀምስ ግን ሊጎዳ የመጣ ነው። አባቴም ገብቶታል፤ መቁጠሪያው ጣቱ ላይ ቆሟል።

ያኔ ሳማል ሳለ።

 ሰውዬው ፍራሹን አየና ወዲያው አቀረቀረ። የእናቴ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ተተከለ። ሳማል ፍራሹን ገፍቶ ወጣ፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ቂጣ ቆረሰና ዘረጋለት።

"ተው፣ መምህር" አለ ሰውዬው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። "ከበላሁ አየሁት ብዬ መናገር አልችልም። ካልተናገርኩ ደግሞ ልጆቼ በእጃቸው ናቸው። ወታደሮቹ ድልድዩ ጋ እየጠበቁኝ ነው።"

"ስንት ናቸው?"

"ወታደሮቹ?"

"ልጆችህ።"

"ሦስት።"

ሳማል የቆረሰውን ትሪው ላይ መለሰው። 

"እንግዲያው ሳትበላ ሂድ። ያየኸውን ሁሉ ንገራቸው። ግን መንገዱ ያዳልጣል፤ ቀስ ብለህ ውረድ።"

 ሰውዬው ተነሥቶ ወጣ። ሳማልም የአባቴን ካፖርት ደርቦ በጓሮ በኩል ወደ ተራራው አመራ።

እኔና እናቴ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ወጥተን በደረታችን ተኛን። በአንድ በኩል ሳማል በረዶውን በደረቱ እየገፋ ይወጣል። ጥቁር ካፖርቱ በዚያ ንጣት ላይ ከየትም ይታያል። በሌላ በኩል ሰውዬው ይወርዳል። ጥቂት ሄዶ ተቀመጠ፤ የጫማውን ክር ፈታ፤ መልሶ አሰረ። እንደገና ተቀመጠ።

"ምን ያደርጋል ይሄ?" አለች እናቴ።

"እየዘገየ ነው።"

"ዝም በይ፤ ይሰማናል።" ሰውዬው ግን ብንጮህ እንኳ በማይሰማበት ርቀት ላይ ነበር።

ቀትር ሲሆን ሳማል ከጫፉ ላይ ደርሶ ተሰወረ። ሰውዬው ወደ ተራራው ቀና ብሎ አየ። ከዚያም ወታደሮቹ ደክሞ እንዲያዩት ብሎ መሰለኝ፣ እየወደቀ እየተነሣ ወደ ድልድዩ ይሮጥ ጀመር።

"ውረጂ" አለች እናቴ። "አባትሽን ጫማ አልብሺው። ወታደሮቹ ሳይደርሱ እኛም እንሂድ፤ አንድ ሰዓት እንኳ የለንም።"