በጀሪካን የቀረው አሲድ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር። ግን በረኪና በሸተተኝ ቁጥር ያ ግቢ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

አቃቂ በሰቃ አንድ ክፍል ተከራይቼ የስታቢላይዘር ቦርድ እሠራ ነበር። መዳብ የተለበጠበትን ሰሌዳ አሲድ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ አሲዱ የማይፈለገውን መዳብ በልቶ መስመሩን ብቻ ያስቀርልኛል። ሲሠራበት አረንጓዴ ይሆናል፣ ይደክማልም። እኔ ግን አልደፋውም፤ በጀሪካን አስቀምጠዋለሁ። በትንሽ ፓምፕ አየር ሲነፋበት ጉልበቱ ይመለሳል። ደግሞስ የት ልድፋው? ቦዩ የሚወርደው ወንዝ ነው፤ ወንዙ እንደሆነ ያለበት ይበቃዋል።

አከራዬ ጋሽ ተሾመ ጡረተኛ ናቸው፤ ዕቃ ሲጣልም ሲቀመጥም አይወዱም። ጀሪካኑን ባዩ ቁጥር «ይሄ ያለቀለት ነገር ምን ይሠራልሃል? ለሽንት ቤት ማጠቢያ ስጠን እንጂ» ይሉኛል። አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ባሉበት ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው።

«ጋሼ፣ ደከመ እንጂ አሲድነቱ አልሄደም። በተለይ በረኪና ካገኘው የሚወጣው ጭስ ሰው ይገድላል።»

እሳቸው ሳቁ። እትዬ አስካለ «ኧረ ይቅርብን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑን ክፍሌ ውስጥ እየቆለፍኩበት እወጣ ጀመር። ትርፉ ቁልፍ ግን ጋሽ ተሾመ ጋ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግቢው ሲታጠብ ዋለ፤ በማግስቱ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእነሱ ነው። ከሳሪስ ዕቃ ገዝቼ ስመለስ ጋሽ ተሾመ ሽንት ቤቱ በር ላይ ጎንበስ ብለው ይስላሉ። ሚስታቸው በረኪና የደፉበት ወለል ላይ እሳቸው ክፍሌን በትርፉ ቁልፍ ከፍተው አሲዴን አምጥተው ገልብጠው ኖሯል። እሳቸው ሮጠው ወጥተዋል። እትዬ አስካለ ውስጥ ናቸው።

ትንፋሼን ይዤ ገባሁና በብብታቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ኦክስጂን ተደርጎላቸው ተረፉ።

ማኅበርተኞቹ ሊጠይቁ ሲመጡ ጋሽ ተሾመ «መርዝ ቤቴ አስገብቶ ሊፈጀን ነበር» አሏቸው።

«ነግሬዎት አልነበረም ወይ፣ ጋሼ?»

«መቼ? ምን ብለህ?» አሉ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ወደ እትዬ አስካለ ዞርኩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። ማኅበርተኞቹ ክፍሉን ቶሎ እንድለቅ መከሩኝ። ለቀቅኩ። የሰፈሩ ደንበኞቼም በዚያው ቀሩ።

በቀደም ታክሲ ተራ ላይ እትዬ አስካለን አገኘኋቸው። አቅፈው ሳሙኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «አንተ እኮ ነህ ያተረፍከኝ» አሉኝ። ይህን ያሉት ግራ ቀኝ አይተው፣ ሰው አለመስማቱን አረጋግጠው ነው። እኔ ምስጋና አልፈለግኩም። ያን ቀን በሰው ፊት «ነግሮን ነበር» ቢሉልኝ ይበቃኝ ነበር። ይቅር ብያቸዋለሁ ብል ውሸት ነው።