ደጋ ዘመድ አለሽ?

ነገሩ የደረሰብኝ ካቻምና፣ አርባ ምንጭ ቤት በገዛሁ በሦስተኛው ወር ነው። ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ሰማዩ ጠርቶ ባየሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ሌላው ሰው ደመና ሲያይ ይፈራል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ጥርት ያለ ሰማይ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ተከራይተን ስንኖር አከራያችን በየጊዜው ኪራይ ይጨምሩብን ነበር። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ያለ ሰው መነሳት ሲያቅታት፣ "እባክሽ በገዛ ቤቴ ልሙት" አለችኝ። ያጠራቀምኩት ብር አዲስ አበባ ጓዳ እንኳ አይገዛም። አርባ ምንጭ ግን፣ ከሲቀላ ሰፈር ወረድ ብሎ ኩልፎ ወንዝ አጠገብ፣ ሁለት ክፍል ከነግቢውና ከነማንጎ ዛፉ ገዛልኝ። እዚያው ከተማ ከፍ ያለው ሴቻ ሰፈር ላይ እንዲህ ያለ ቤት እጥፍ ይጠራበታል። ይሄኛው ለምን ረከሰ ብዬ አልጠየቅኩም። ርካሽ ያገኘ ሰው መቼ ይጠይቃል? ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አዲስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ እሱንም ወደድኩት።

በገባን ሳምንት ጎረቤታችን ጋሽ ዳና ሙዝ ይዘው ሊጠይቁን መጡ። ወንዙ ዳር ሙዝ የሚያለሙ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛ ሴቷንም አንተ ይላሉ። ትንሽ ተጫውተን፣ "ልጄ፣ ደጋ ዘመድ አለህ?" አሉኝ።

ፊቴ ተለዋወጠ። ዘርሽ ምንድን ነው፣ እዚህ ምን አመጣሽ ማለታቸው መሰለኝ። "ዘመድ የለኝም፤ ቤቱን ግን በብሬ ነው የገዛሁት" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ቀዝቀዝ አደረግኩባቸው።

በሦስተኛው ወር፣ ያን ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ የተማሪ ደንብ ልብስ እሰፋለሁ፤ እናቴ ጓዳ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። የግቢው በር በኃይል ተንኳኳ።

"ውጣ! ውሃ መጣ! ውጣ!" የጋሽ ዳና ድምፅ ነው።

በመስኮት ሰማዩን አየሁት። ጠብታ የለም። ሰውየው አበዱ እንዴ አልኩና፣ "በዚህ ፀሐይ የምን ውሃ ነው?" ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። ዛሬም ራሴን ይቅር የማልላት ለዚህች ነገር ነው።

የስፌት መኪናዬን ሳቆም አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጭነት የያዘ አይሱዙ የሚመጣ ይመስላል፤ ግን አያልፍም። ከዚያ በግቢው በር ስር ቡናማ ውሃ ገባ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ የሙዝ ቅጠል እየገፋ። እናቴ ጋ እስክደርስ ውሃው ጉልበቴ ላይ ደረሰ።

ላነሳት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እንደገና ሞከርኩ። አልጋው መንቀሳቀስ ጀመረ። "አንቺ ውጪ፣ እኔን ተዪኝ" አለችኝ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሕይወቴ አላውቅም። እናቴን በገዛ እጄ፣ በገዛ ብሬ አምጥቼ ልገድላት ነው አልኩ።

ጋሽ ዳና አጥሩን ጥሰው ገቡ። ያ ሁሉ ዕድሜ እያለባቸው እናቴን አዘሏት። እኔ ከኋላ እየደገፍኩ፣ ወገባችን ድረስ በውሃ ውስጥ እየተደናቀፍን ወደ ዋናው መንገድ ወጣን። መንገድ ዳር ስናስቀምጣት በእጇ የቤቱን ውል ጨብጣ አገኘናት። ከትራሷ ስር ነበር የምታስቀምጠው። "በገዛ ቤቴ ልሙት ስልሽ እኮ እንዲህ አላልኩም" አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

በማግስቱ ውሃው ሄዷል። አረንጓዴው ቀለም ተላልጦ ከስሩ አሮጌ የጭቃ መስመር ታየ። ልክ በወገቤ ቁመት።

ጋሽ ዳና መስመሩን እያዩ፣ "እህቴ ደጋ ነች" አሉኝ። "እዚያ ሲዘንብ ትደውላለች። ውሃው እስኪወርድ ዕቃ እናወጣለን። ሁሉም ሰው ደጋ የሚደውልለት አለው። አንተን ማን ይደውልልሃል ብዬ ነው የጠየቅኩት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ወደዚያ ቤት አልመለስም አለች። ሴቻ አንድ ክፍል ተከራየሁላትና ተመልሰን የኪራይ ሰው ሆንን። ቤቱን ልሽጠው ብዬ ደላላ ጠራሁ። ደላላው መጀመሪያ ያደረገው ግድግዳውን እስከ ወገብ አረንጓዴ ማስቀባት ነው። እኔም ዝም አልኩ።

በበጋ ገዢ መጣ፤ ከአዲስ አበባ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት። ሰውየው ግድግዳውን ዳሰስ እያደረጉ፣ "አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ጓዳም አይገኝ" አሉ። የገዛ ቃሌን ሰማሁ።

"ጋሼ፣ ደጋ ዘመድ አለዎት?" አልኳቸው።

ፊታቸው ልክ እንደ እኔ ተለዋወጠ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደላላው ዓይኑን ያፈጥብኛል። ሰውየው በመስኮት ወንዙን ሲያዩ ቆይተው፣

"እና... ስንት ትቀንሺልናለሽ?" አሉኝ።

እውነቴን ነው፣ ከጎርፉ ቀን ይልቅ ያን ጊዜ ፈራሁ። ከውሃ ይሸሻል። እነዚህ ሰዎች ግን ሁሉን ሰምተውም የሚሸሹበት የላቸውም።

አልሸጥኩላቸውም። ቀን እዚያው እየሰፋሁ ስልኬን ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣለሁ። የጋሽ ዳና እህት ቁጥሬን ይዘዋል፤ ደጋ ሲዘንብ ለእኔም ይደውላሉ። ሊገዙ የመጡት ሰውዬም አሁን ድረስ ይደውላሉ፤ "አሁንስ ቀነሰ?" ይሉኛል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እስካይ ድረስ ልቤ ይመታል።