ዴልፊ ጊታሯን ያስቀመጠችበት መዝሙር

በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች፣ ሠርግም ይሁን የከብት ገበያ፣ ዴልፊ ኮምብስ ጊታሯን አንግታ የማትገኝበት ቦታ አልነበረም። ስለ ባቡር፣ ስለ ከሰል ጉድጓድ፣ ስለ ከዳተኛ ባል ስትዘፍን ኖራለች። በተለይ ስለ ከዳተኛው ባል ስትዘፍን፣ ምንም ያላጠፋው የገዛ ባሏ ሳይቀር አንገቱን ይደፋ ነበር።

ዕድሜዋ ሲገፋ ያደገችባቸውን የድሮ መዝሙሮች በሸክላ ማስቀረጽ አማራት። ሙዚቃ ወደሚቀረጽበት ከተማ ወደ ናሽቪል ወርዳ ብቻዋን ሞከረችው። ተቀድቶ ስትሰማው ጨው የረሳው ባቄላ ሆነባት።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ አዘማመሩን ማየት ነው። በእነዴልፊ ጸሎት ቤት መሪው አንዱን ስንኝ በዜማ ቶሎ ቶሎ ይለዋል፤ ሕዝቡ ያንኑ ተቀብሎ እየጎተተ፣ እያጠማዘዘ ያዜመዋል። የሚያስደንቀው ደግሞ ሁሉም የሚያጠማዝዘው በየራሱ መንገድ መሆኑ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ ግን ማንም አይጠፋም። ይህ ለአንድ ሰው ጉሮሮ የሚሆን ሥራ አይደለም። የሙዚቃ መሣሪያም በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሸክላውን የሚያሳትመው ረስል፣ "ሰው የሚያውቅሽ በጊታርሽ ነው፤ ጊታር ከሌለበት አላወጣውም" ብሏታል። ያለ ጉባኤው መዝሙሩ የለም፤ ያለ ጊታሩ አልበሙ የለም።

ዴልፊ ወደ አጎቷ ወደ በርሊ ሄደች። መሪው እሱ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ መቆፈሪያውን ይስላል።

"አጎቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።"

"ባልሽ ጠፋ እንዴ?"

"ኧረ ቤት ነው።"

"እንግዲያው የሚከዳሽ በዘፈን ብቻ ነው። በይ ቀጥዪ።"

ነገረችው። በርሊ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረና "ይዘሽው ነይ" አላት።

"ጊታሩን?"

"ታዲያ ባልሽን ነው?"

"ጉባኤውስ ምን ይላል?"

"ምን ይላል፤ እንደ ወትሮው ይዘምራል።"

ዴልፊ ደስ ብሏት ሄደች። አጎቷ እንዲህ በቀላሉ እሺ ሲል መጠርጠር ነበረባት።

እሑድ ረስል መቅረጫውን ፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘረጋ። በርሊ ስንኙን አለ፣ ሕዝቡ ተቀበለ፣ ዴልፊም ክሩን ነካ ነካ አደረገች። አማረ። ከጸሎት ቤት ርቃ ስትኖር የረሳችው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ሲዘምሩ አይቀመጡም። እየዞሩ እጅ ይጨባበጣሉ። የተዘረጋ እጅ አለመጨበጥ "ቂም ይዤብሃለሁ" ማለት ነው።

መጀመሪያ በርሊ ቀኝ እጁን ዘረጋላት። ጨበጠችው፤ ጊታሩ ዝም አለ። ወደ ክሩ ስትመለስ አክስቷ ዞና ደረሰች፤ እጇን በሁለት እጅ ይዛ አልለቅ አለች።

"እናትሽን ቁርጥ" አለቻት በስንኞቹ መሃል። "እሷ ግን ይሄ ባለ ክር ሣጥን አልነበረባትም።"

ከዞና ኋላ ሰልፍ ሆነ። ረስልም አልቀረለትም፤ የድምፁን መቆጣጠሪያ የያዘበትን እጅ አንድ ግዙፍ የከሰል ቆፋሪ ወሰደበት።

"ማሽኑ..." አለ ረስል።

"እግዚአብሔር ይባርክህ" አለ ቆፋሪው፣ እጁን እየወዘወዘ።

ዴልፊ አንድ ጊዜ ክሩን፣ አንድ ጊዜ የሰዉን እጅ ስትል ቆየች። በመጨረሻ ጊታሩን አግዳሚው ሥር ገፋችውና ሁለት እጇን ነፃ አውጥታ ዘመረች። ናሽቪል ውስጥ አጥታው የነበረው ድምፅ ዙሪያዋን ሞላው።

በኋላ ደጅ ላይ የበቆሎ ቂጣ ሲበሉ አጎቷን ጠጋ አለችው።

"አውቀው ነው አይደል?"

"ምኑን?"

"ጊታር አምጪ ያሉኝ።"

"አምጪ አልኩሽ፣ አመጣሽ። ሰዉን እጅ አትጨባበጡ ልበል?"

ረስል መኪናው ውስጥ ዘግቶ ተቀምጦ የተቀረጸውን እየሰማ ነበር። ዴልፊ ቂጣዋን እንደያዘች ጠበቀችው። ወጣ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ።

"መጀመሪያው ላይ ጊታር አለ" አላት።

"ትንሽ ነው እኮ።"

"ትንሽም ቢሆን ጊታር ነው። አለ ብዬ እጽፋለሁ።"

እንዳለውም የሸክላው ሽፋን ላይ "ጊታር፦ ዴልፊ ኮምብስ" ብሎ ጻፈ። ሸክላውን የሚያጫውት ሰው ጥቂት የክር ድምፅ፣ ዝምታ፣ እንደገና ክር፣ ከዚያም ጊታሩ አግዳሚ ሥር ሲገባ ዱብ የሚል ነገር ይሰማል።

ለበርሊ ስታሰማው ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"ጊታሩ ደኅና ነው" አላት። "በተለይ ሲቀመጥ።"