ሦስት ጊዜ የተሸኘሁበት ሜዳ

ከጂንካ የወጣሁት አንድ ጊዜ ነው፤ የተሸኘሁት ግን ሦስት ጊዜ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን በመጀመሪያው ሽኝት አለቀስኩ፣ በሁለተኛው አፈርኩ፣ ሦስተኛውን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ባለቤቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ዲመካ ይወርዳል፣ ዱስ ይደርሳል፣ ኦሞ ዳር ከርሞ በረት በረት እየሸተተ ይመለሳል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አገባሁ ብዬ ስኮራ፣ ልብሱን ከቤት ውጭ ነበር የማስወልቀው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እሱ ደግሞ አፉን መያዝ አያውቅበትም። አንድ ስብሰባ ላይ የማይባል ነገር ተናገረና በዓይነ ቁራኛ ይጠበቅ ጀመር። በሚቀጥለው ጊዜ ለክትባት ወደ ዱስ ወርዶ በዚያው ቀረ። ወንዙን ይዞ ኬንያ መግባቱን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። ሲሄድ ልጃችን ገና ሆዴ ውስጥ ነበረች።

ከኬንያ ስዊድን ገባ። ጥገኝነት ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ ከዚያ ሚስቴንና ልጄን አምጡልኝ ብሎ አመለከተ። እኛም መጠበቅ ጀመርን። እኛ ስል እኔ፣ ልጄና አማቴ ነን።

አማቴ የአሪ ሴት ናቸው፣ አጥባቂ ጴንጤ። እኔ ከሰሜን የመጡ ነጋዴዎች ልጅ ነኝ፣ ማርያምን ሳልጠራ ውሃ የማልጠጣ። አንድ ቤት ስንገባ ሰፈሩ መቼ እንደምንጣላ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ሲዘምሩ እኔ አማትባለሁ፤ እኔ ስጾም እሳቸው አፍንጫዬ ሥር ወተት ያፈላሉ። እንዲያም ሆኖ ልጄን ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው፣ እኔ ሱቅ ስውል በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ከአማርኛ በፊት አፏን የፈታችው በአሪኛ ነው። እኔን ስትሰድበኝ እንኳ ምን እንዳለችኝ የሚተረጉሙልኝ እሳቸው ነበሩ፣ ያውም እየሳቁ።

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል ያለ የሣር ሜዳ ነው። ኳስ እንጫወትበታለን፣ ወደ ገበያ እናቋርጠዋለን፣ ከብት እናሰማራበታለን። አውሮፕላን ሲመጣ አንዴ ከላይ ይዞራል፤ ያኔ ዘበኛው ፊሽካውን ይነፋና ሰውም ከብትም ይወጣል፤ ሁለተኛ ዞሮ ያርፋል። የማትወጣ አንዲት ፍጡር ብትኖር የአማቴ ቀይ ላም ናት። ከእሳቸው በቀር የማንንም ቃል አትሰማም። ዘበኛው በፊሽካ ጀምሮ በዱላ፣ ከዚያ በልመና ይጨርስና በመጨረሻ አማቴን ያስጠራል።

ልጄ ደግሞ አባቷ አውሮፕላን አገር እንደሚኖር ተነግሯታል። ስለዚህ አንድ ወንድ ከአውሮፕላን በወረደ ቁጥር እየሮጠች እግሩን ትይዛለች። አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጣ ባለሥልጣን ይዛ አልለቅም ብላ የቀበሌውን ሊቀመንበር ላብ አጥምቆት ነበር። ሰው ይስቃል። እኔ ግን ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር።

የመጀመሪያው ሽኝት የመጣው በቴሌግራም ነው። አዲስ አበባ ጉዳያችንን የሚከታተለው ወንድሜ ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘ አለ። በቃ፣ ሰፈሩ ሄደች ብሎ ደመደመ። በእኛ ሰፈር መንገደኛ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ባሕር ማዶ ያለው ሰው ምን እንደናፈቀው ከእሱ ይልቅ ጎረቤት ያውቃል። ማር መጣ፣ ቋንጣ መጣ፣ ቅቤ መጣ፣ የኮረሪማው ብዛት ስዊድንን በሙሉ ወጥ ያሠራ ነበር። ከቀበሌ የድጋፍ ወረቀት ሊከለክለኝ ዝቶ የነበረው ሊቀመንበር እንኳ መጥቶ በልቶ፣ ባልሽ ከሃዲ ቢሆንም በሬዬን አድኖልኛል ብሎ መረቀኝ። ተቃቅፈን ተላቀስን።

ከሳምንታት በኋላ ሲጣራ፣ ተቀባይነት ያገኘው ማመልከቻው እንዲታይ ብቻ ኖሯል። ገና ሊያዩት ነው። ስጦታውን ልመልስ ስል ሰው ተቆጣ፤ የመንገድ ስንቅ ከተመለሰ መንገዱም ይመለሳል አሉኝ። ምን ላድርግ፣ በላነው። ማሩን ልጄ ጨረሰችው።

ሁለተኛው የእውነት ነበር። ፓስፖርት ወጣ፣ የመውጫ ፈቃድ ወጣ፣ ኤምባሲው ቀጠረን። ሰፈሩ አሁንም ማር ይዞ መጣ። በጠዋት ሻንጣችንን ይዘን ሜዳው ዳር ስንቀመጥ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ሣሩ ረግረግ ሆኗል። አውሮፕላኑ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ። በመኪና እንዳንሄድ የወይጦ ወንዝ ሞልቷል። ቀጠሮው አለፈ፤ ፋይሉ እንደገና ወረፋ ያዘ። ያን ቀን ሻንጣዬን ተሸክሜ በሰፈሩ መሃል ስመለስ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አማቴ ከኋላዬ ልጄን አዝለው ሲመጡ ግን ያንጎራጉሩ ነበር። ደስ ብሏቸው ነው። አልተቀየምኳቸውም።

እንደገና ስንጠራ የኤምባሲውን ወረቀት ወንድሜ ላከልኝ። የተፈቀደላቸውን ዘመዶች ስም በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ሚስትና ልጅ። አማቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁ።

“እኔን የት ጻፉኝ?” አሉ።

“አልጻፉዎትም እማማ። እዚያ አገር ቤተሰብ ማለት ሚስትና ልጅ ብቻ ነው።”

“ይሻላል፤ ላም ማን ያያል?” አሉና ለማለብ ወጡ። ጎረቤት ለጠየቃቸው ሁሉ መሄድ አቅቷቸው ሳይሆን ለላሟ ብለው እንደቀሩ ሲነግሩ ሰነበቱ።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ማንም ማር አላመጣም፣ ማንም አላለቀሰም። አንዷ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ማታ ስትመለሺ ወንፊቴን መልሺልኝ አለችኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እኔ ሌላ ጣጣ እንዳይመጣ ብዬ ላሟን ጎህ ሲቀድ ጓሮ በእጄ አስሬያታለሁ፣ ያውም ደርቤ።

ሜዳው ዳር ተቀመጥን። አውሮፕላኑ መጣና አንዴ ዞረ። ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። ከብቱ ሁሉ ሲወጣ ቀይዋ ላም ከሜዳው መሃል ቆማ ትግጣለች። ገመዷ በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አልተበጠሰም፣ ጫፉ ደህና ነው። ዘበኛው በዱላ ሞከረ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ወደ እኛ ዞሮ ተጣራ። አማቴ አልተነሱም። ልጄን እቅፋቸው ውስጥ አድርገው ሣሩን ያያሉ። አውሮፕላኑ ሁለተኛ ዞሮ ሳያርፍ አለፈ። ሦስተኛ ዞሮ ካላረፈ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ይነሡ ብዬ ማዘዝ አልቻልኩም፣ በምን አንደበቴ።

“እኔ ነኝ የፈታኋት” አሉኝ ቀስ ብለው።

“አውቄያለሁ እማማ።”

ልጄን አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አጥብቀው ታጥቀው ወደ ሜዳው ገቡ። አልሮጡም። ላሟን በአሪኛ አንድ ነገር ሲሏት ቀና ብላ አየቻቸውና ተከተለቻቸው። አውሮፕላኑ አረፈ።

ያን ቀን የወረዱ ወንዶች ነበሩ፤ ልጄ ወደ አንዳቸውም አልሮጠችም። ስሰናበታቸው አማቴ በአንድ እጃቸው ብቻ ነው ያቀፉኝ፤ በሌላው ላሟን ይዘዋል። ቶሎ ግቡ፣ ታመልጠኛለች አሉን።

በመስኮቱ ቁልቁል አየኋቸው። አውሮፕላኑ ከተነሳ ሜዳው ነጻ ነው፣ ሌላው ከብት ሁሉ ተመልሶ ሊግጥ ገብቷል። እሳቸው ግን ዳር ቆመው ገመዱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነበሩ።