እናቷ ባሕሪ የቀረችባት ልጅ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ጎረቤት የጋዝ ሲሊንደር የሚያራግፉ መስሎኝ ዞር ብዬም አላየሁ። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ልጆቹ ብሩሽ የሚነክሩበት የሙጫ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ በራሱ ተንሸራተተ። ማንም አልነካውም። ሁላችንም ኩባያውን አየነው። ከዚያ ልጆቹ ኩባያውን ትተው የእኔን ፊት ማየት ጀመሩ።

ቀኑ ቅዳም ሹር ነበር፤ ለሙስሊሞቹ ደግሞ ረመዳን። ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ከተከራየኋት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ፊተኛዋን ለልጆች ማዋያ አድርጌያታለሁ፤ እዚያ አገር ሮዳ ይሉታል። እናቶቻቸው የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ሁሉም ጧት ልጃቸውን ጥለውልኝ በሃፍላ፣ በሚኒባሱ፣ ወደየሥራቸው ይበራሉ። ቀጤማ እንደ ልብ ስለማይገኝ ያን ቀን አረንጓዴ ወረቀት በረጅሙ እየቆረጥን ራስ ላይ የሚታሰር እንሠራ ነበር። የወሎ ሙስሊሞቹ ልጆችም አብረው ይሠራሉ። እንዲያውም አንደኛው ሦስት አስሮ «እኔ ሦስት ፋሲካ አለኝ» እያለ ሲያስቀን ነበር።

ጎረቤቴ ሐጃ፣ ሱዳናዊቷ ባልቴት፣ ከአጥሩ ወዲያ ጮኸች።

«ያ ኡስታዛ! ልጆቹን አስገቢያቸው! ሐርብ ነው፣ ጦርነት!»

ኡስታዛ፣ አስተማሪ፣ ትበለኝ እንጂ እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ነኝ። ካርቱም ስመጣ እኔም ዓመታት ሠራተኛ ነበርኩ። ልጆች መያዝ የጀመርኩት ባሌ ሲሞት፣ ሴት ልጄን ጥዬ ሰው ቤት ማደር ስላልቻልኩ ነው። ያኔ የማውቀው ዱላ ይዞ «ሀ» ማለትና «ሀ» ማስባል ብቻ ነበር። በኋላ ከአገር ቤት አንዲት መምህርት መጥታ እኛን ልጅ ያዦቹን ሰብስባ አስተማረችን። ዱላውን አስጣለችን። «ሲጫወቱ ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ አታርሙ፣ አታቋርጡ» ስትለን በሳቅ ሞትን። ቁጭ ለማለትማ ማን ይከፍለናል! ከዚያ ግን ሞከርኩት። ልጅ እኮ ሲጫወት የቤቱን ጉድ ሁሉ ነው የሚያወጣው። ማን እንደተመታ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ምን እንደፈራ ትሰሚዋለሽ።

ስትሄድ ስለ ሕፃናት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ትታልኝ ሄደች። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሲተኙ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነባለሁ። አንድ ገጽ ብዙ ቀን ይፈጅብኛል። አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጄ፣ እዚያው ያደገች፣ ዓረብኛው ከአማርኛው የሚቀድምባት፣ ትስቅብኛለች።

«ማማ፣ አንቺ ስታነቢ ምስር የምትለቅሚ ነው እኮ የምትመስይው።»

«አዎ፣ ድንጋዩን እንዳልበላ ነዋ» እላታለሁ።

የደነገጠ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው የአዋቂውን ፊት እንደሆነ ከዚያ መጽሐፍ ነው ያወቅኩት። ስለዚህ ያን ቀን ፊቴ እንዳይለወጥ ያዝኩት። «ጉንዳኖች ወደ ጉድጓዳቸው!» አልኩና መስኮት ወደሌለው ወደ ውስጠኛው ክፍል በአራት እግራቸው አስኬድኳቸው። የጉንዳን ጨዋታ የሁልጊዜ ጨዋታችን ስለሆነ ማንም አላለቀሰም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ኩሽና ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ።

እስከ ማምሻው እናቶቹ በእግራቸው እየሮጡ መጥተው ልጆቻቸውን ወሰዱ። አንዲት ልጅ ቀረች። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ባሕሪ፣ ከወንዙ ማዶ፣ እዚያው እያደረች ነው የምትሠራው፤ ልጅቷ ሳምንቱን እኔ ጋ ነች። ለፋሲካ ዋዜማ ፈቃድ አግኝታ ልትመጣ ነበር። አሁን ኩብሪው፣ ድልድዩ ማለቴ ነው፣ በወታደር ተዘግቷል ተባለ። የእናትየው ስልክም አይሠራም።

የአሠሪዎቿ የቤት ስልክ ነምራ፣ ቁጥሩ፣ ነበረኝ። ደወልኩ። አንድ ሰውዬ አነሳው። የእናትየውን ስም ጠርቼ አገናኙኝ ስለው «እንዲህ የምትባል የለችም፤ ነምራው ተሳስቷል» ብሎ ዘጋው። እንደገና ደወልኩ። አሁን ሴት ነበረች። «የለችም አልንሽ! የራሳችንን ሰዎች ስልክ እየጠበቅን ነው፣ መስመሩን አታጨናንቂ!» «ሐበሻዋን» ልል አፌን ስከፍት ጠፋች። ከዚያ በኋላ በእኔ ስልክ ሸበካው፣ ኔትወርኩ፣ ጨርሶ ሄደ።

አባረዋታል አልኩ። ወይም መንገድ ላይ ቀርታለች። ወይም… ሦስተኛውን በልቤም አልጨረስኩት።

ፋሲካው እንዲሁ አለፈ። መብራት ጠፋ፣ ውኃ ጠፋ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የልጄን ራስ በአንድ እጄ፣ የትንሿን በሌላው እይዛለሁ። አንድ ጧት ሐጃ መጣች። መደኒ ከተማ እህቷ ጋ ልትሄድ ነው። ሃፍላ ተገኝቷል፤ ከነገ ወዲያ ባለ ሃፍላው ላይመለስ ይችላል።

«ሦስታችሁንም ቦታ አስይዤላችኋለሁ» አለችኝ።

«ሐጃ፣ የሰው ልጅ ይዤ እንዴት እወጣለሁ? እናቷ መጥታ ባዶ ቤት ብታገኝስ?»

«አንቺስ ሴት ልጅሽን ይዘሽ እዚህ ምን ልትሆኚ ነው?»

ልጄ ማታ ማታ እንቅልፍ ትታለች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች። ለእሷ ስል መሄድ አለብኝ። ለሌላዋ ስል መቆየት አለብኝ። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ዕቃ እንደ መያዝም እንደ መተውም እያደረገኝ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ትንሿ ምንጣፉ ላይ ስትጫወት አየኋት። ልጄ ከካልሲ አሻንጉሊት ሠርታላታለች። ኩባያዎች ደርድራለች። ወገቧን ይዛ ካልሲዋን በአንድ የዓረብ ሴት ስም ጠራቻትና «ሻይ የታለ? ቶሎ በይ እንጂ!» ብላ ጮኸችባት።

ሰው ላይ እንዲህ አይጮኽም ልላት ነበር። ተውኩት። ዝም ብዬ አየሁ። እንደገና በዚያው ስም ጠራቻት። ጠጋ አልኩና ጨዋታው ውስጥ ገባሁ።

«መዳም፣ ይቺ ሠራተኛሽ ማን ናት?»

«እማዬ ናታ።»

«እማዬ ስሟ እንዲህ ነው እንዴ?»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «እዚያ ቤት ነው። ሌላ ቦታ አይባልም ብላኛለች።»

ስንቀጠር ለአሠሪ አፍ የሚመች ስም እናወጣለን፤ እኔም ነበረኝ። መዳሟ የምታውቃት በዚያ ነው እንጂ እናት አባቷ ባወጡላት ስም አይደለም። እኔ ደግሞ ልጅ ቢጠፋ እንዲበጀው ብዬ በየጧቱ በር ላይ የራሱንና የእናቱን ስም አስብላለሁ። ትንሿም አንድ ቀን ሳትሳሳት የምትለው የእናቷን የአገር ቤት ስም ነው። ስጠይቃትም እሱኑ ነበር የነገረችኝ። በፍርሃት ተይዤ የራሴን የሥራ ስም እንኳ ረሳሁት።

ሐጃ ጋ ሮጥኩ። የእሷ ስልክ ከሌላ ሸበካ ስለሆነ አልፎ አልፎ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ ያ ሰውዬ አነሳው። በዚያኛው ስም ጠራኋት።

«ላሕዛ» አለ፤ ቆይ ማለቱ ነው። የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ።

«አቤት?»

«ልጅሽ ደህና ናት። እኔ ጋ ናት» አልኩ፤ ሌላ ቃል ሳላስቀድም።

ለቅሶዋን ጠበቅኩላት። ከዚያ «በልታለች?» አለች።

«ፉል ሰለቸኝ ብላ ተኳርፈናል።»

ሳቀች፤ እንባዋ ሳይቆም። ደረጃ ሥር ተደብቀው ነው የሰነበቱት። ነገ የሚወጣ ሃፍላ እንደተገኘ ነገርኳት። «እትዬ፣ ውሰጃት። እኔን አትጠብቂ። እነሱም በምሥራቅ በኩል ሊወጡ ነው፣ ይዘውኝ ይወጣሉ። መተማ አገኛችኋለሁ።»

«ባትመጪስ?»

«ያኔማ እናቷ አንቺ ነሽ።» መስመሩ ተቋረጠ።

በማግስቱ ወጣን። ልጄን በሐጃ ቶብ፣ በሱዳን ሴቶች ረጅም መከናነቢያ፣ ጠቀለልናት፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ከከተማው መውጫ ሶባ ስንደርስ መሣሪያ የያዙ ልጆች ሃፍላውን አስቆሙ። አንዱ አንገቱን በመስኮት አስገባ።

«ይቺ ሕፃን ያንቺ ናት?»

«የኔ ናት።»

«አይደለሁም!» አለች ትንሿ፣ በዓረብኛ፣ በየጧቱ በር ላይ እንደማስብላት ጥርት አድርጋ። «እናቴ ባሕሪ ናት!»

ሐጃ ናት የደረሰችልኝ።

«ኡስታዛ ናት ልጄ! የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሷ ነው። ያላ፣ አሳልፈን፤ በጾም አፋችን ፀሐይ ጨረሰችን።»

ባለ መሣሪያው ልጅ ሐጃን አየ፣ እኔን አየ፣ የሃፍላውን ጎን በመዳፉ መታ። አለፍን።

መደኒ ላይ ሐጃን ተሰናበትን። ገዳሪፍ፣ ከዚያ ገላባት፣ ከዚያ በእግር ተሻግረን መተማ ገባን። ተሻግሬም እፎይ አላልኩም። በየዕለቱ ሁለቱን ይዤ ድንበሩ ጋ እቆማለሁ። የሚመጣው ሰው ሁሉ አቧራ ለብሶ አንድ ዓይነት ስለሚመስል የእያንዳንዷን ሴት ፊት አያለሁ። ልጅቷ መጠየቅ ትታ ነበር፤ መጠየቋን መተዋ ይበልጥ አስፈራኝ።

አንድ ከሰዓት አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጥታ ወደኛ መጣች። ከስታለች፣ ያደረገችው የወንድ ጫማ ነው። ልጅቷ አላወቀቻትም፤ ቀሚሴ ውስጥ ገባች። እናትየው አልተጣደፈችም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ጫማውን አየች፣ እጁን አየች፣ ከዚያ ለቀቀችኝ።

ልጄ ክንዴን ይዛ «ማማ፣ አሁንስ አበቃ?» አለችኝ።

አበቃ አልኳት። ልጅቷ እናቷ ጋ ናት። ልጄ እኔ ጋ ናት። ከካርቱም ወጥተናል፣ ደህና ነን።