ሳይሞቅ የተከፈተው ብልቃጥ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። የእናታችን ሆድ ግን ማዳላትም ያውቅበታል፤ ቀልጣፋውን እጅ ለታናሽ እህቴ ሰጥቶ ለእኔ የተወልኝ የሰው ነገር የሚያይ ዐይን ብቻ ነው። በዚያ ዐይን እሷን ሳይ ኖርኩ።

ሁለታችንም የምንሠራው የኤሌክትሮኒክስ ሙጫ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በስልክና በመብራት ቆጣሪ ሆድ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ዕቃዎች ሰሌዳቸው ላይ አጣብቆ የሚይዘው የእኛ ሙጫ ነው። ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ። ሚዛኑንም ማማሰሉንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ሠራተኛው "ጠብታ" ብሎ ሰየማት። ሙጫው ከዘንጉ ጫፍ ሲንጠባጠብ አየት ታደርግና "ይሄ ቀጥኗል" ትላለች፤ መለኪያውም ተከትሏት ቀጥኗል ይላል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት አማስዬ አንድ ቅጽል ስም እንኳ ያወጣልኝ የለም። "የጠብታ እህት" ነኝ። አንጀቴ እርር ይላል።

ባለፈው ወር የማደባለቂያ ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጡ። ቦታው ለእሷ እንደታሰበ ሥራ አስኪያጁ በሻይ ሰዓት ጣል አደረጉ። ጉንጯን ሳምኩና "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት፤ ከንፈሬ ነው እንጂ ሆዴስ ሌላ ይል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በየሲሪንጁ ተሞልቶ ለቆጣሪ ፋብሪካ የሚላከውን ሙጫዋን በትልቅ ብልቃጥ ከፍሪዘር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በእኛ ሥራ ከፍሪዘር የወጣ ብልቃጥ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ክዳኑ አይነካም። ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ሙጫው ላይ ያርፍበታል፤ ምድጃ ሲገባም አረፋ ያወጣል። እሷ ፊቷን ወደ ሚዛኑ ስታዞር፣ ምን የተለየ ነገር ቢኖረው ነው ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት። ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ከእኔ ሙጫ በምንም አይለይም። ይሄ ደግሞ ይባስ አበሸቀኝና አፍጥጬ ቆምኩ። ብንን ስል ስስ ጉም አርፎበታል። ከደንኩትና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ሙጫው አረፋ አወጣ ተብሎ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡን።

"ማነው ሳይሞቅ የከፈተው?"



"እኔ ነኝ ጋሼ፤ ቸኩዬ ነው" አለች እህቴ።

"አንቺ? በይ እንግዲህ፣ ስለ ኃላፊነቱ ያልነው ይቅር።"

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ያዝኳት። "ለምን ዋሸሽ?"

"በሚዛኑ መከለያ መስታወት አይቼሽ ነበር እኮ እታለም። ክዳኑን ነካ ስታደርጊ።"

"ታዲያ ያኔውኑ አትናገሪም?"

"ሕጉን ያስተማርሽኝ አንቺ፣ ትከፍተዋለች ብዬ እንዴት ላስብ? አሁን ቢያባርሩሽ የት ትሄጃለሽ? እኔ ሌላ ቦታ አላጣም።"

ሌላ ሰው ቢሆን እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ ግን ቅናቴ ተነሳ። እጇ አንሷት ደግነቱንም ልትቀማኝ! በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሕሊናዬ ወቅሶኝ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ በዚህስ አትበልጠኝም ብዬ ነው።

እሷ ኃላፊ ሆነች። እኔን ማሸጊያ ክፍል አወረዱኝ፤ የሙጫው ስም የተጻፈበት ወረቀት እለጥፋለሁ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለ ዘበኛው እኔ እየሰማሁት። ይበለኝ።

የተሾመች ቀን ገና ውርጭ የለበሰ ብልቃጥ ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

"እስኪሞቅ አንቺ ጋ ይቆይ እታለም። ማንም እንዳይነካው ጠብቂልኝ" ብላኝ ሄደች።

ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም። እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ማንም አልነካውም፤ እኔም።