የድሮውን ፓይተን ያጠፋሁ ዕለት

ከኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ሳስወግድ «ልቀጥል ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዛሬም ጣቴ ይከብደኛል። ቢሮ ያሉት ልጆች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ደብረ ማርቆስ የተማርኩበትን የኮምፒውተር ክፍል አላዩትም። ጠዋት ሲከፈት የሞቀ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ነበረው፤ የማሽኖቹ ማራገቢያ ሲጮህ መምህሩ እንኳ አይሰማም ነበር።

የመመረቂያ ሥራችንን ለሁለት ነበር የያዝነው። ጓደኛዬ ዲያቆን ነው፤ ከመርጡለ ማርያም ወዲያ የመጣ፣ የአብነት ትምህርት ቤት ያሳደገው። የምንሠራው አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ መቼ እንደሚውሉ የሚያሰላ ፕሮግራም ነበር። ስሌቱን እሱ ያውቀዋል፤ እኔ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እጽፈዋለሁ። ጽፌ ያሳየሁትን ሁሉ ታዲያ እንደ ዳዊት በቃሉ ይይዘው ነበር። ደጅ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲያነበንብ፣ «ኧረ አንተ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ይይዝልህ የለም እንዴ?» እለዋለሁ።

«እሱ ቢረሳስ?» ይለኛል።

ሥራችንን ለመምህራኑ ልናቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረን አዲሱን ፓይተን ካልጫንኩ አልኩ። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። ፍላሼ ሞልቶ ስለነበር ለመጫኛው ቦታ ብዬ የሥራችንን ቅጂ አጠፋሁት፤ ዋናው ማሽኑ ላይ አለ አይደል? አዲሱ ያለችግር ገባልኝ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሁለት ፓይተን ምን ያደርግልኛል ብዬ አሮጌውን ላስወግድ ተነሳሁ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ አብረው የሚጠፉትን ረጅም ዝርዝር ደርድሮ «ልቀጥል ወይ?» አለኝ። ሳላነብ «አዎ» አልኩት። ለካ ግማሹ ሲስተም የቆመው በዚያው በአሮጌው ላይ ኖሯል። ምስሎቹ ተራ በተራ ጠፉና ጥቁር ስክሪን ቀረ። ክው ብዬ ሲዲ ከትቼ ሊኑክሱን እንደ አዲስ ስጭነው ደግሞ ዲስኩ ሙልጭ ብሎ ተጠረገ። የስድስት ወር ልፋታችን በአንድ ረፋድ አለቀ።

ጓደኛዬ ሲመጣ፣ «መብራት ሄዶ መጣና ዲስኩን በላው» አልኩት። ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት። ወንበር ሳበ።

«በይ ተቀመጭና ጻፊ።»

አራት ቀን ሙሉ በቃሉ አጻፈኝ። ፓይተን ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚጀምር መስመር አለ፤ እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ሁለቴ ገባ ካለ ሁለቴ። አንዱ ክፍል ሲያልቅ እንደ የኔታው «መልሽልኝ» ይላል፤ በቃሌ ካልመለስኩለት አያልፍም። ጣቴ ደነዘዘ፣ የእሱም ድምፅ ሻከረ፤ አልተውነውም። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆመ። «ይህ የለኝም። ለብቻሽ የጻፍሽው ነው፤ ከራስሽ አምጭው» አለኝ። እልህ ያዘኝና ከቀድሞው አሳጥሬ ጻፍኩት። አቀረብን፤ አለፍን።

ወደ አገሩ ሲመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ጠዋት ነው፤ ጉሙ ገና አልተነሳም፤ ረዳቱ «መርጡለ ማርያም! መርጡለ ማርያም!» እያለ ይጣራል።

«መብራት አልሄደም ነበር» አልኩት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አውቃለሁ። ያን ቀን እታች ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ፤ መብራቱ አንዴም ብልጭ አላለም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ብናገርሽ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ማን ይጽፋል?»

ሳቀና ተሳፈረ። ሁለት ነገር ልነግረው ነበር የሄድኩት። መዋሸቴን ነገርኩት። ሁለተኛውን ሳልናገር አውቶቡሱ ወጣ፤ በዓመቱም ለቅስና ሊበቃ ስለሆነ ሚስት አገባ ብለው ነገሩኝ። እወደው ነበር።